ስንት ለስንት?

ገናን ተጫውቶ የመጣን የጎጃም ገበሬ ማን አሸነፈ ብላችሁ ጠይቁት፤ ደስ እያለው ያወራችኋል። ማን ሩሯን በአንድ ምት ወንዝ እንዳሻገራት፣ ማን ሲሸሽ ጋቢውን እሾህ ላይ ጥሎ እንደሄደ፣ የማን ወይፈን መሀል ሜዳ ገብቶ ሰውን እንደበተነ አንድም ሳያስቀር ይዘረዝርላችኋል። ቀጥላችሁ "ስንት ለስንት ወጣችሁ?" ያላችሁት እንደሆነ ግን ፊቱ ይቀየራል። "አሸነፍን አልኩህ አይደለም እንዴ!" ይላል፣ ቃሉን የተጠራጠራችሁት መስሎት። ወረድ ብላችሁ የታች ጎጡን ሰው ደግሞ ጠይቁ፤ እሱም በዚያው ቀን፣ በዚያው ሜዳ፣ በዚያችው ሩር አሸንፏል። ከደምበጫ እስከ ቡሬ፣ ከቋሪት እስከ ወምበርማ ብትዞሩ በገና የተሸነፈ ጎጥ አታገኙም። የተሸነፈው ሁልጊዜ ማዶ ያለው ነው።

ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩ አሉ። እኔ ግን አባቶቻችን አስበውበት ያደረጉት ነው ባይ ነኝ። ማስረጃዬም ካናዳና አሜሪካ ናቸው።

እዚያ የእኛኑ ገና የሚመስል ጨዋታ አለ። እነሱም ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይይዛሉ፤ እነሱም አንዲት ትንሽ ነገር ሲያሳድዱ ይጋጫሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ። የሚጫወቱት ግን በረዶ ላይ ነው፣ ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ አጥልቀው። የሚያሳድዷትም ከጠጣር ጎማ የተሠራች፣ 170 ግራም ገደማ የምትመዝን ጠፍጣፋ ነገር ናት፤ እንዳትነጥርባቸው ከጨዋታው በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ትከርማለች። የቡሬ ገበሬ በረዶ ሲባል የሚታወሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ድራሹ የጠፋ በርበሬ ነው። እነሱ ግን አዳራሽ ሠርተው፣ በረዶውን ራሳቸው አርግተው ያነጥፉታል፤ ላስ ቬጋስ በምትባለው የበረሃ ከተማ እንኳ። የዚያ በረሃ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 ዋንጫ ወስዷል። በ2024 እና በ2025 ደግሞ ዋንጫው ወደ ፍሎሪዳ ሙቀት ሄዷል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። ፍኖተ ሰላም እኔ ዘንድ ተቀምጦ ይማራል ይባላል። የሌሊት ጥቅል እየገዛ ዶሮ ሲጮህ ስልኩ ላይ ተደፍቶ አገኘዋለሁ፤ የእነሱ የምሽት ጨዋታ የሚጀመረው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ነውና። አንድ ሰሞን አጎቴ ለጉዳይ ከገጠር መጥቶ እኛ ቤት አድሮ ነበር። በዚያ ሰዓት ለጸሎት የሚነሳ ሰው ስለሆነ ልጁንም እንደሱ ለጸሎት የነቃ መስሎት መጀመሪያ መረቀው። ኋላ ስልኩን አየና አጠገቡ ቁጭ አለ።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"ሆኪ ነው ጋሼ። የስታንሊ ዋንጫ፤ የመጨረሻው ውድድር።"

ልጁ ሥርዓቱን ያስረዳው ጀመር። ሊጉ 32 ቡድን አለው። እያንዳንዱ ከመስቀል ሰሞን አንስቶ እስከ ሚያዝያ ከ80 በላይ ጨዋታ ያደርጋል። ይህ ሁሉ ግን ገና ማጣሪያ ነው። ከዚያ 16 ቡድን ይቀርና ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይጋጠማል፤ አንድ ጥንድ እስከ ሰባት ጊዜ ይጫወታል፤ አራት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል። እንዲህ አራት ዙር ይኬዳል። ስለዚህ ዋንጫ የሚያነሳው ቡድን ከማጣሪያው ሌላ 16 ጊዜ ማሸነፍ አለበት ማለት ነው።

"ከአንዱ ጋር ብቻ ሰባት ጊዜ?"

"እስከ ሰባት ጊዜ።"

"ሦስቴ ተረትቶ ሊረታ ይችላል በለኛ!"

"ይችላል ጋሼ።"

"ታዲያ ይኼ ጨዋታ ነው ወይስ የመሬት ክርክር?" አለና ስልኩን ይበልጥ ጠጋ አለ። አጎቴ በመሬት ክርክር ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ክልል የተመላለሰ ሰው ነው። ይግባኝ ያለበት ነገር ሁሉ ይስበዋል።

ያልተዋጠለት ወሩ ነበር። ውድድሩ የሚያበቃው ሰኔ ላይ ነው ሲባል "በሰኔ?" ብሎ ጮኸ። ጃቢ ጠህናን ውስጥ በሰኔ ዱላ ይዞ ሲሮጥ የተገኘ ጎልማሳ ጸበል ይወሰዳል። በሰኔ በቆሎው ይኮተኮታል፣ የጤፉ ማሳ ይደጋገማል፣ በሬ ይከሳል፣ ሰው ይጠቁራል። ጨዋታ የሚባለው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

እንዲህ ሲታይ እኛም ማጣሪያ አለን። የእኛ ማጣሪያ እርሻው ነው። ክረምቱን ያረሰ፣ ያረመ፣ በኅዳር ያጨደ፣ ከታኅሣሥ መጨረሻ በፊት ክምሩን የከመረ ለገና ይደርሳል። ጤፉን ማሳ ላይ ጥሎ ዱላ ያነሳ ሰው ሜዳው ሳይደርስ ይሸነፋል፤ ሚስቱ በር ላይ ትረታዋለች፤ በእሷ ላይ ይግባኝ የለም። ገና ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 የሚውልበትን ምክንያት ሊቃውንቱ በባሕረ ሐሳብ ይተንትኑት፤ ለገበሬው የሚበቃው እህሉ ከማሳ የሚነሳበትና ሜዳው ባዶ የሚሆንበት ሰሞን መሆኑ ነው። እረኞቹም የክርስቶስን መወለድ ሲሰሙ ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ተጫወቱ ስለሚባል፣ ከብት ጠባቂ ሁሉ ጨዋታውን ከዘር የወረሰው ርስቱ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ዱላው የሚታሰበው ከክረምት ጀምሮ ነው። እረኛው ከብት ሲያግድ ተፈጥሮ ያጎበጠችው የወይራ ቅርንጫፍ ዓይኑ ከገባ፣ ሌላ እንዳይቀድመው ቅጠል ይሸፍንበታል፤ ለማንም አይናገርም። ኅዳር ላይ ይቆርጠዋል። ቁልምሙ ካልበቃው እርጥቡን ረመጥ ውስጥ ይቀብረዋል። እንጨቱ በጫፉ ውሃ እየተፋ ጭስስ ማለት ሲጀምር አውጥቶ በሁለት ድንጋይ መሀል ያጎብጠውና በልጥ ጠፍሮ ከምድጃው በላይ ይሰቅለዋል። እዚያ ጭስ እየጠጣ ይጠቁራል፤ ልጡ ሲፈታ አይመለስም። ከዚያ ቅቤ ይታሻል። ቤተሰቡ በጾመ ነቢያት ቅቤ እርም ብሎ ሳለ ዱላው ግን አይጾምም፤ በዚህ የተነሳ በየቤቱ ታኅሣሥ ላይ የቅቤ ቅል ጎደለ የሚል ምርመራ ይከፈታል። ሩሯም ከእንጨት ጉጥ ትጠረባለች፣ አለዚያም ከቆዳ ትሰፋለች። ከጉጥ የተጠረበችዋ ድምፅ አላት፤ ዱላ ሲያገኛት ጧ! ትላለች፤ ቅልጥም ስታገኝ ግን ድምፁን የሚያወጣው ባለ ቅልጥሙ ነው።

አሜሪካኖቹ ዱላቸውን ከካርቦን ነው የሚሠሩት። በአንድ ጨዋታ ሁለት ሦስት ይሰበራል፤ ሲሰበር ከዳር ሌላ ይቀበላሉ። አጎቴ ይህን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። "የሰበረውን ዱላ ጥሎ ዞር ብሎም አላየውም" አለ። እሱ ቤት ጣሪያ ሥር ያለው ዱላ የአባቱ ነበር።

የገና ዕለት ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ያደረ ሰው ጠዋት ዶሮውን በልቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ ትንሽ አረፍ ይልና ከሰዓት በኋላ ወደ ሜዳ ይወጣል። ሜዳው የታጨደ ማሳና የግጦሽ መሬት ነው። በአንድ በኩል ዳሩ ወንዝ ነው፤ በሌላ በኩል ዳሩ የቆመ ግራር ነው። ሆኪዎቹ በአንድ ጊዜ ስድስት ስድስት ሆነው ይገባሉ፤ ለአንድ ጨዋታ ከየቡድኑ 20 ሰው ለብሶ ይዘጋጃል። እኛ የመጣ ሁሉ ይገባል። ሌሊቱን ሲያሸበሽብ ያደረው ዲያቆን አለ፣ የትምህርት ቤቱ መምህር አለ፣ ከቡሬ በሚኒባስ መጥቶ አዲስ ጫማውን ሳያወልቅ የገባ ነጋዴ አለ። ላይ ጎጥ ስንት ሰው እንዳሰለፈ የሚያውቅ የለም፤ ታች ጎጥ ግን ሁልጊዜ "በዝታችሁብን ነው" ይላል።

ሩሯ መሀል ላይ ትቀመጣለች። ሁለት ዱላ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው አቧራ ነው። አቧራው ውስጥ "ሚናህን ለይ!" የሚል ጩኸት ይሰማል፤ በማይገባው ወገን ገብቶ የሚመታ ሰው አለ ማለት ነው፤ ያ ሰው ቀጥሎ የሚመጣበትን ራሱ ፈልጎታል። ሃምሳ ሰው ሩሯን ይፈልጋል፤ የት እንዳለች የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እግሩን ይዞ መሬት ላይ እየተንከባለለ ስለሆነ መረጃ አይሰጥም። በዚህ ቀን ጌታም ቢመታ እንደማይቆጣ ያገሩ ሕግ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በሊቀ መንበሩ የተማረረ ሰው ሁሉ የሚገርም የጨዋታ ፍቅር ያድርበታል፤ ሊቀ መንበሩም ይህን ስለሚያውቅ በገና ዕለት ሁልጊዜ ወገቡን ያመዋል።

ድንገት ሩሯ ከአቧራው ትወጣና ፈፋ ውስጥ ትገባለች። ላይ ጎጥ "አገባን!" ይላል። ታች ጎጥ "ፈፋ ዳር አይደለም" ይላል። ላይ ጎጥ "አምና ለእናንተ ዳር ነበር" ይላል። ሰሜን አሜሪካኖቹ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ቶሮንቶ ወዳለ ክፍል ይደውላሉ፤ እዚያ የየጨዋታውን ምስል የሚመረምሩ ሰዎች ተቀምጠዋል። እኛ ግራሩ ሥር ወደ ተቀመጡት ሽማግሌ እንሄዳለን። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ የሚከበሩትም ለዚሁ ነው፤ ስላላዩ ለማንም አያደሉም። ግራ ቀኙን ሰምተው "እንደገና ትመታ" ይላሉ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሌላ ፍርድ ሲሰጡ ሰምቼ አላውቅም።

አጎቴን ከሆኪው ያስደሰተው ነገር ጥርስ ነው። ተጫዋቹ ወደ ካሜራው ሲስቅ የፊቱ ሁለት ጥርስ የለም። "ይኼስ የኛ ሰው ነው!" አለ። በእኛም አገር አፉን ሲከፍት ስንተኛው ገና ላይ እንደተመታ የሚታወቅ ጎልማሳ ሞልቷል። እነሱ ከየቡድኑ ጋር ሐኪም ያስከትላሉ፤ እኛ ወጌሻ አለን። ወጌሻው ግን ራሱም ስለሚጫወት ችግር አለ። እሱ የተሰበረ ዕለት ወዴት እንደሚኬድ እስካሁን መልስ አልተገኘም።

ያሳዘነው ደግሞ ጢማቸው ነው። ከኒው ዮርክ አይላንደርስ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ የመጣ ልማድ አላቸው፤ ተጫዋቾቹ የዋንጫው ውድድር ከተጀመረ እስኪሸነፉ ወይም ዋንጫውን እስኪያነሱ ድረስ ጢማቸውን አይላጩም። አጎቴ ጎፈሬ ጢማሙን ሁሉ በየተራ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ማን ሞቶባቸው ነው?" አለ። ማንም አለመሞቱ ሲነገረው "እንግዲያው ሟርት ነው" ብሎ አማተበ።

ዋንጫው ራሱ ታሪክ አለው። ሎርድ ስታንሊ የሚባሉ የካናዳ ገዥ እ.ኤ.አ. በ1892 ሰጡት፤ በእኛ 1884 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ያ ክፉ ቀን አገሩን አራቁቶ ሊያበቃ ሲል። በማግሥቱ ዓመት የሞንትሪያል ቡድን ወሰደው። ሰውዬው ግን ለዋንጫቸው የተደረገ አንድም ግጥሚያ ሳያዩ ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። ዋንጫው 15 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ያሸነፉት ሰዎች ስም ይቀረጽበታል። ሞንትሪያል ካናዲያንስ 24 ጊዜ ወስዶታል። ነጭ ጓንት ያጠለቀ ጠባቂ አለው። ያላሸነፈ ተጫዋች እጁን አያሳርፍበትም። ካሸነፉ በኋላ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች ለአንድ ቀን ይወስደዋል፤ ብዙዎቹም ወደ ተወለዱበት ቀዬ።

ይህን ሲሰማ አጎቴ ተቃና። ወደ ቀዬ የሚሄድ ነገር ይገባዋል።

"ወስዶ ምን ያደርገዋል?"

"ይጠጣበታል። እ.ኤ.አ. በ1994 አንዱ ፈረስ አብልቶበታል። በ1996 ደግሞ አንዱ ልጁን ክርስትና አስነስቶበታል።"

ፈረሱን አላመነም፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ቢሰሙ ግን እንደማይቃወሙ ተናገረ። ክርስትናው ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ብዙ አስቦ፣ "ክርስትና ከተነሳበትማ ከቤተ ክርስቲያን ግምጃ ቤት መውጣት የለበትም" ብሎ ፈረደ። ይህ ዋንጫ አንድ ቀን ጂጋ ወይም ማንኩሳ ቢደርስ ተመልሶ ካናዳ እንደማይገባ እኔ ካሁኑ እመሰክራለሁ።

በዚህ ሁሉ ዓመት ዋንጫው ሁለት ጊዜ ባለቤት አጥቷል። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ የቡድኖቹ ባለቤቶችና ተጫዋቾቹ በገንዘብ ተጣልተው ጨዋታው ቀረ። ሌላው በ1919 ነው፤ ሞንትሪያልና ሲያትል ፍጻሜውን ሊጨርሱ ሲሉ ተጫዋቾቹ ታመው ወደቁ፤ አንዱም ሞተ። ያ በሽታ እኛን በ1911 ዓ.ም. የፈጀን የኅዳር በሽታ ነው፤ እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቆሻሻ እያቃጠልን የምናጥነው ያው ራሱ። ዋንጫው ላይ የሁለቱም ቡድን ስም ተቀርጾ፣ ውድድሩ አላለቀም ተብሎ ተጽፎበታል። አጎቴን ከዚህ ሁሉ የማረከው ይኸኛው ነው። "ያን ዓመት ብቻ ነው ጨዋታ የገባቸው" አለ።

እነሱ ያለ ውጤት መለያየት አይሆንላቸውም። በዋንጫው ውድድር እኩል ከወጡ አንዱ እስኪያገባ ይጨምራሉ፤ 20 ደቂቃ፣ ሌላ 20 ደቂቃ፣ ሌላ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1936 ዲትሮይትና ሞንትሪያል ማሩንስ ስድስት ጊዜ ጨምረው፣ ከ176 ደቂቃ በላይ ተጫውተው፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ዲትሮይት አንድ ለዜሮ አሸነፈ። በእኛ መጋቢት 15 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ማይጨው አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ያን ሰሞን የእኛ ሰው ዱላ የያዘው ለሌላ ጉዳይ ነበር።

በእኛ በኩል ጨዋታውን የሚያበቃው ፀሐይ ነው። ጨልሞ ሩሯ ካልታየች፣ ከብቶቹም ራሳቸው ወደ ቤት መሄድ ከጀመሩ አለቀ። አሸናፊ የለም ማለት ግን አይደለም። ሁለቱም ወገን እየጨፈረ ይመለሳል፤ ሁለቱም ተረቺውን በግጥም እየዘለፈ። ዋናው ግጥሚያ የሚጀመረው ያኔ ነው። ከገና እስከ ጥምቀት በየጠላው ቤት፣ ከዚያም በየማኅበሩና በየገበያው፣ ያች ፈፋ የገባች ሩር ዳር ነበረች አልነበረችም እየተባለ ይከረማል። በዚህኛው ሜዳ የሚረታው እግሩ የፈጠነ ሳይሆን አንደበቱ የሰላ ነው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሩሯን አንዴም ያልነካ ሰው መጋቢት ላይ ሦስት አግብቶ ታገኙታላችሁ።

እርግጥ ነው፣ ገናን በቁጥር የሚያጫውቱ አሉ። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ሜዳውን ለክቶ፣ ሰዉን ወስኖ፣ ዳኛ አቁሞ፣ ከትግልና ከገበጣ ጋር በአገር አቀፍ ውድድር ያጫውተዋል። መልካም ሥራ ነው፤ ጨዋታው እንዳይረሳ ያደርጋል። ከየክልሉ ለተሰበሰበ ሰው ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ነገ ወደ የአገሩ ይበተናላ። የላይ ጎጥና የታች ጎጥ ሰው ግን የት ይበተናል? ወንዙ አንድ፣ ወፍጮው አንድ፣ ደብሩ አንድ፤ የተሸነፈው የአሸናፊው አማች ነው። ሆኪዎቹም ቢሆኑ ይህን ያጡት አይመስለኝም፤ ለሁለት ሳምንት ሲደባደቡ ከርመው ዙሩ ሲያልቅ መላው ቡድን ተሰልፎ አንድ በአንድ ይጨባበጣል። ያን ሲያይ አጎቴ "ሽማግሌ አላቸው ማለት ነው" ብሏል።

የእህቴ ልጅ ግን ከሆኪው የተማረው ቁጥሩን ነው። በመጣው ገና ወደ አጎቴ ዘንድ ሄዶ ግራሩ ሥር ቆመና ሩር ዳር ባለፈች ቁጥር ስልኩ ላይ መመዝገብ ጀመረ። ሲመሽ ሁለቱም ወገን እየጨፈረ ሲመጣ መሀል ገብቶ "አራት ለሦስት!" አለ። ጭፈራው ቆመ። የማን አራት እንደሆነ ለመናገር አፉን ሲከፍት አጎቴ ስልኩን ከእጁ ወሰደና ኪሱ ከተተው።

"ጋሼ፣ ላይ ጎጥ እኮ ነው ያሸነፈው! እኛ ነን!" አለ ልጁ።

"ያላለቀ ጨዋታ አይቆጠርም" አለው አጎቴ፣ ታች ጎጦች እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ። ትንሽ ራቅ ሲሉ ደግሞ በጆሮው ጨመረለት፤ "አንተ ደንቆሮ፣ ማክሰኞ ጤፋችንን የምንወቃው በእነማን በሬ መሰለህ?"